ሜዲካል ኢሜጂንግ ላይ መመራመር ለምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ጋ ሂዱ

ቴሌግራም ላይ ከሀገር ቤት የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ተመሳሳይ ነው። "ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጨርሻለሁ፣ ሜዲካል ኢሜጂንግና ኤአይ ላይ ፒኤችዲ መስራት ነው የምፈልገው፣ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?" (ሜዲካል ኢሜጂንግ ማለት እንደ ራጅ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ባሉ ማሽኖች የሰውነትን ውስጥ ምስል ማንሳት ነው፣ ኤአይ ደሞ ሰው ሰራሽ አስተውሎት።) ሌላው ደሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የተማረው፣ ፓይተን ይችላል፣ ለመመረቂያው ከኤምአርአይ ላይ የጭንቅላት እጢ የሚለይ ሞዴል (ከብዙ ምስል የሚማር የኤአይ ፕሮግራም) ሰርቷል፣ አሁን ውጪ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዛው መቀጠል ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ በደንብ መመለስ አልቻልኩም፣ በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ ደሞ ልቤ አይፈቅድም ምክንያቱም የሰው የህይወት መንገድ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለኔ ባጭሩ፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሀገር ቤት ነው የተማርኩት፣ ከዛ ሆስፒታል ውስጥ የህክምና ማሽን ጥገና ላይ ሰራሁ፣ ከዛ ማስተርስ አውሮፓ፣ አሁን ጀርመን ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስር ያለ የኤምአርአይ የምርምር ቡድን ውስጥ ነኝ። ከታች ምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ምላችሁን መጀመሪያ ላይ ልበለውና ከዛ እየዘረዘርኩ እሄዳለሁ። ኤአይ አትማሩ አልልም፣ ተማሩ። ግን ምስሉ እንዴት እንደተነሳ ሳታውቁ ምስሉ ላይ ሞዴል ማሰልጠን ብቻ ይዛችሁ ከመጣችሁ እዚህ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዞት የሚመጣውን ነገር ነው ይዛችሁ የመጣችሁት። የጠፋው ሰው ሌላ ነው። ማሽኑን የሚያውቅ፣ ፊዚክሱ የገባው፣ በሽተኛ አስተኝቶ ጥሩ ምስል ማንሳት የሚችል፣ ምስሉ ላይ ያለች አንዲት ጥላ ከበሽታ ትሁን ከማሽን ትሁን አይቶ የሚናገር፣ እሱ ሰው ነው የጠፋው። እና እናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ እሱን እውቀት ለማግኘት እዚህ አብረውኝ ከሚሰሩት የበለጠ ቅርብ ናችሁ፣ እሱን ነው ማሳየት የምፈልገው።

ለምን እንደዚህ በርግጠኝነት እንደምናገር በማስረጃ ልንገራችሁ። ኮቪድ በገባበት አመት፣ 2020 ላይ፣ ከደረት ራጅና ከሲቲ ስካን ኮቪድን ይለያል የተባለ ሞዴል በየሳምንቱ ነበር የሚወጣው። 2021 ላይ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ከ2,200 በላይ ጥናት ሰብስቦ፣ እያጣራ እያጣራ 62 የሚሆኑትን በዝርዝር አየ። ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኛ ልንጠቀምበት እንችላለን ብለው የተቀበሉት አንድም አልነበረም። አንድም። ከምክንያቶቹ አንዱን ስሙት፣ አንዳንዶቹ ኮቪድ ላለባቸው የአዋቂ ራጅ ተጠቅመው ኮቪድ ለሌለባቸው ግን ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ የሚገኘውን የህጻናት ራጅ ነው የተጠቀሙት፣ ከአንድ እስከ አምስት አመት የሆኑ ህጻናት። ሞዴሉ በጣም ጎበዝ መስሎ ታየ፣ ግን የሚለየው ልጅና አዋቂን ሊሆን ይችላል። አንድ የራጅ ቴክኖሎጂስት እነዛን ሁለት ክምር ምስሎች ጎን ለጎን ቢያሳዩት በአስር ሰከንድ ውስጥ "እነዚህ እኮ ህጻናት ናቸው" ይል ነበር። ያ ሰው ግን ቡድኑ ውስጥ አልነበረም፣ ወይ ቢኖርም ማንም አልጠየቀውም።

ከዛ በፊትም 2018 ላይ አሜሪካ የወጣ ጥናት አለ፣ የሳምባ ምች ከደረት ራጅ የሚለይ ሞዴል በተለያዩ ሆስፒታሎች ምስል ሲሞክሩት ሞዴሉ ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ከሞላ ጎደል ሳይሳሳት መለየት እንደሚችል አገኙ። የሳምባ ምች የሚበዛበት ሆስፒታል አለ፣ የማይበዛበት አለ፣ ስለዚህ ሆስፒታሉን ማወቅ ብቻ መልሱን ለመገመት ይረዳዋል ማለት ነው። ራጅ ፊልሙ ጥግ ላይ የምትቀመጠው የብረት ምልክት፣ አልጋ ላይ በተኛ ሰው በተንቀሳቃሽ ማሽን የተነሳ መሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ መረጃ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ የሰራ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ በተንቀሳቃሽ ማሽን ራጅ የሚነሳው ተነስቶ መሄድ ያቃተው በጣም የታመመ ሰው ነዋ።

ኤምአርአይ ላይ ደሞ ነገሩ ይብሳል። ኤምአርአይ እንደ ካሜራ ፎቶ አያነሳም። ሰውነታችን ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን ኒውክለስ ማግኔት ውስጥ ሲገባ በሚታወቅ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ በአንድ ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) 42.58 ሜጋኸርዝ ነው፣ ስለዚህ 3 ቴስላ ማሽን ላይ ወደ 128 ሜጋኸርዝ አካባቢ ማለት ነው። በዛ ፍጥነት ሬድዮ ሞገድ ትልካለህ፣ መልሱን ታዳምጣለህ፣ የሰበሰብከው ነገር ኬ-ስፔስ የሚባል የሞገድ ሰንጠረዥ እንጂ ምስል አይደለም፣ ፎሪየር በሚባለው ሞገድን ወደ ምስል በሚቀይር ሂሳብ ገልብጠህ ነው ምስል የሚሆነው። ከዛ በኋላ ደሞ የማሽኑ ሶፍትዌር ያለሰልሰዋል፣ ያሰፋዋል፣ ይጨምቀዋል። ኢንተርኔት ላይ የምታወርዱት ምስል ይሄን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው። 2022 ላይ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ይሄንኑ ነው፣ ቀድሞ የተቀነባበረውን ምስል ወስደህ ወደ ኬ-ስፔስ መልሰህ "ይሄው ጥሬ ዳታ" ብለህ ምስል መልሶ የሚገነባ ሞዴል ካሰለጠንክ ውጤትህ ከእውነታው በላይ ያማረ ሆኖ ይወጣል፣ እውነተኛው ጥሬ ዳታ ላይ ስትሞክረው ግን ይወድቃል። እነሱ በጣም ጠንከር ያለ ስም ነው የሰጡት፣ የዳታ ወንጀል ብለውታል። ልክ ናቸው ብዬ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ያንን ምስል አይቶ የሚወስን ሀኪም አለ፣ ከሀኪሙ ፊት ደሞ የተቀመጠ በሽተኛ አለ።

ሀገር ቤት በነበርኩበት ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ ሲቲ ስካኑ ብዙ ጊዜ ይቆም ነበር። መብራት ሲዋዥቅ፣ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ፣ ጨረሩን የሚያመነጨው ቲዩብ ሲያረጅ፣ መለዋወጫ ደሞ በውጪ ምንዛሪ ስለሆነ ወራት ይጠበቃል። ከገጠር መጥተው ኮሪደር ላይ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፣ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ "ልጄ ዛሬስ ይሰራል?" ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ነገር ጠፍቶኝ የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። ያን ጊዜ እዛ የተማርኩት ነገር ለምርምር ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ጥገና ጥገና ነው ብዬ ነበር የማስበው። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ላይ ስቀመጥ ግን ምስሉ ላይ የሚመጣውን ቀለበትና መስመር እያየሁ ይሄ ከዲቴክተር (ከጨረር ተቀባዩ) ነው፣ ይሄ በሽተኛው ተንቀሳቅሶ ነው፣ ይሄ ከውጪ የገባ የሬድዮ ሞገድ ነው፣ የኤምአርአይ ክፍሉ በር በደንብ አልተዘጋም ማለት ነው እያልኩ ስናገር ቡድኑ ውስጥ ያሉት የማሽን ለርኒንግ ልጆች ወንበራቸውን እየሳቡ መጡ። ከዛ ቀን በኋላ ነው ሆስፒታል ውስጥ ያሳለፍኩት ጊዜ ምን እንደነበረ የገባኝ። ስለዚህ አሁን ሀገር ቤት ጥገና ክፍል ተቀምጣችሁ ጊዜዬ እየባከነ ነው የምትሉ ልጆች፣ ጊዜያችሁ እየባከነ አይደለም፣ ግን ጻፉት። የተበላሸውን፣ ምስሉ ላይ ያመጣውን ለውጥ፣ ስታስተካክሉት ምን እንደሆነ፣ የበሽተኛ ስምና መለያ የሌለበት ማስታወሻ ያዙ። ሲቪ ላይ "ሜንተናንስ" ብላችሁ በአንድ ቃል አትለፉት።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለው ስራ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፒኤችዲ፣ ከዛ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ስራ)፣ ከዛ ፕሮፌሰር፣ በቃ ሌላ መንገድ የለም ብሎ ነው የሚያስበው። አንድ የኤምአርአይ ወይም የፔት (ሰውነት ውስጥ የተወጋ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር እየተከተለ ምስል የሚያነሳ ማሽን) የምርምር ማእከል ውስጥ ብትገቡ የምታገኙት ሰው በጣም የተለያየ ነው። ሲኩዌንስ የሚጽፉ ፊዚሲስቶች አሉ፣ ማለትም ማሽኑ መቼ ሬድዮ ሞገድ እንደሚልክ፣ መቼ እንደሚያዳምጥ ትእዛዙን የሚጽፉ። ይሄ ስራ ምን ያህል ሀይል እንዳለው ለማየት ፍላሽ የሚባለውን ዘዴ ማየት ነው፣ 1985 አካባቢ እዚሁ ጀርመን ጎቲንገን ማክስ ፕላንክ ውስጥ ፍራም፣ ሃዘ እና ማትሄይ የሰሩት። ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረውን ምስል ወደ ሰከንዶች አወረዱት፣ ማግኔቱን ሳይቀይሩ፣ ትእዛዙን በመቀየር ብቻ። ዛሬ በአንድ ትንፋሽ የሆድ ኤምአርአይ የሚነሳ ሰው ሁሉ የነሱ ባለእዳ ነው ማለት ይቻላል።

ከነሱ ጎን ኮይል የሚሰሩ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሮች አሉ፣ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀውን አንቴና ከመዳብና ከካፓሲተር በእጃቸው የሚሰሩ። እነዚህ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፣ ሰልደሪንግ አይሮን ይዞ መቀመጥ የሚወድ ሰው ካለ እዚህ ቦታ አለው። ፔት ያለበት ቦታ ደሞ ራዲዮኬሚስቶች አሉ፣ ሳይክሎትሮን በሚባል ማሽን ላይ ፍሎሪን 18 የሚባለውን ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ያመርታሉ፣ ግማሽ እድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 110 ደቂቃ ነው፣ ካርቦን 11 ደሞ 20 ደቂቃ ብቻ፣ ስለዚህ ስራቸው ሁሌ ከሰአት ጋር ነው፣ ጠዋት በሽተኛው ሳይመጣ ይነሳሉ፣ አምርተው፣ ጥራቱን አረጋግጠው፣ ሳይጠፋ ያደርሳሉ። ፋርማሲና ኬሚስትሪ የተማራችሁ ይሄን መንገድ ማንም ነግሯችሁ አያውቅም ብዬ እገምታለሁ።

ከዛ የምርምር ራዲዮግራፈሮች አሉ፣ ማሽኑ ላይ ሆነው ምስሉን የሚያነሱት ባለሙያዎች። ስለነሱ ቆም ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ። በኛ ቡድን ውስጥ ጥናቱ ሁሉ የሚቆመው በነሱ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ አርባ ሰው ስካን እናድርግ ቢል ሁሉንም ሰው በተመሳሳይ አንግል፣ በተመሳሳይ አቀማመጥ፣ ሳይደናገጡ፣ ሳይንቀሳቀሱ የሚያነሳው ራዲዮግራፈሩ ነው። የጠበበ ቦታ የሚፈራ ሰው ሲመጣ እጁን ይዞ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ረስቶ ሊገባ ያለውን ዶክተር በር ላይ የሚያቆመው እሱ ነው፣ የ3 ቴስላ ማግኔት ከመሬት ማግኔት ወደ 60 ሺህ እጥፍ ነው፣ ደሞ ሌሊትም ቅዳሜም በርቶ ነው የሚያድረው፣ መብራት ስላጠፋችሁ አይጠፋም። ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ሀገር ቤት ተምራችሁ ጀርመን ወይ ሌላ አውሮፓ የገባችሁ ሰዎች ብዙዎቻችሁ እቃ መጋዘን ወይም ጽዳት ላይ ናችሁ፣ ዲግሪያችሁ ሻንጣ ውስጥ ነው። ማንኛውም ስራ ክቡር ነው፣ ግን እዚህ ሀገር ይሄ ሙያ ሰው በጣም ይፈለግበታል። ጀርመን ውስጥ ለዲፕሎማው እውቅና የማግኘት ሂደት አለ፣ አነርኬኑንግ ይባላል፣ ለክፍለ ሀገሩ መስሪያ ቤት ታመለክታላችሁ፣ ከነሱ ትምህርት ጋር ያወዳድሩታል፣ የጎደለ ካለ ወይ ተጨማሪ ልምምድ ወይ ፈተና ይሰጧችኋል። ጀርመንኛ ቢ2 አካባቢ ያስፈልጋል፣ ያ ነው ከባዱ፣ ግን በሽተኛ ማነጋገር ስላለ ትክክለኛ መስፈርት ነው። ወረቀቱ ጊዜ ይፈጃል፣ ኮርስ ማስረጃችሁን ሰአቱን ጨምሮ ከዩኒቨርሲቲያችሁ በዝርዝር አስጽፋችሁ አስተርጉሙ፣ "ራዲዮግራፊ 4 ክሬዲት" የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃቸውም፣ ስንት ሰአት ቲዮሪ ስንት ሰአት ልምምድ ነው የሚሉት።

ሌሎቹን በአጭሩ፣ የምርምር ሶፍትዌር ኢንጂነሮች፣ ምስል ተንታኞች፣ የጥናት አስተባባሪዎች፣ የአይጥ ስካነር ላይ የሚሰሩ ባዮሎጂስቶች፣ ስታቲስቲክስ የሚሰሩ፣ ዳታውን በስርአት የሚያስቀምጡ። ብዙዎቹ ፒኤችዲ የላቸውም፣ የማያስፈልጋቸውም አሉ።

ፒኤችዲ ስል አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ፣ ኢሜጂንግ ላይ ሁሌም ምወደው ታሪክ ነው። ሲቲ ስካን ላይ 1979 የህክምና ኖቤል የተሸለሙት ሁለት ሰዎች፣ ሃውንስፊልድና ኮርማክ፣ ሁለቱም ፒኤችዲ የላቸውም። ሃውንስፊልድ እንግሊዝ ኢኤምአይ የሚባል ድርጅት ውስጥ ኢንጂነር ነበር፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ስካን የተደረገው 1971 ጥቅምት አካባቢ ለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ኮርማክ ነው። ኮርማክ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፣ 1956 ላይ ግሩት ስኹር ሆስፒታል የነበረው ፊዚሲስት ስራ ለቆ ሰው ሲያጡ እሱን በሳምንት የተወሰነ ጊዜ እንዲመጣ ጠየቁት። እዛ ቁጭ ብሎ የጨረር ህክምና እንዴት እንደሚታቀድ ሲያይ፣ ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ አጥንትና ስጋ እኩል እንደማይቀንሱት ያውቃል፣ እቅዱ ግን ሁሉንም አንድ አይነት አድርጎ ነው የሚያስበው። ከዛ ተነስቶ ነው ከብዙ አቅጣጫ ጨረር ብናሳልፍ ውስጡን በሂሳብ ማወቅ እንችላለን ወይ ብሎ የጠየቀው። ሂሳቡን 1963 እና 1964 አሳተመው፣ ለአመታት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አፍሪካ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ተጨማሪ ስራ ላይ እያለ የመጣ ጥያቄ ነው አለምን የቀየረው። ጥያቄው የመጣለት ሆስፒታሉ ውስጥ ቆሞ ስላየ ነው፣ እሱ ነው ለኔ ቁምነገሩ።

ወደ ፒኤችዲ ለምትመጡ፣ ስለጀርመን የማውቀውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ሳያውቁ መጥተው የሚደነግጡ አሉ። እዚህ ፒኤችዲ በአብዛኛው ስራ ነው፣ ኮንትራት ትፈርማላችሁ፣ ደሞዙ ቲቪኤል ኢ13 በሚባለው የመንግስት ሰንጠረዥ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ሳይሆን 65 ወይም 75 ፐርሰንት ነው የሚሰጣችሁ፣ የምትሰሩት ደሞ ከዛ በላይ ነው። ይሄ ትክክል አይመስለኝም፣ ግን ያለው ይሄ ነው፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ያኖራል፣ ለቤተሰብ መላክ ሲጨመር ግን ይከብዳልና አስባችሁበት ግቡ። ሌላው፣ በጊዜ የተገደበ የምርምር ኮንትራት ህግ አለ፣ ከፒኤችዲ በፊት እስከ 6 አመት፣ ከፒኤችዲ በኋላ ሌላ 6 አመት፣ ህክምና ዘርፍ ላይ 9። ከዛ በኋላ ወይ ቋሚ ቦታ ማግኘት ነው ወይ በፕሮጀክት ገንዘብ መቀጠል ነው ወይ መውጣት። ቋሚ ቦታ ደሞ ጥቂት ነው። ለዛ ነው ብዙ ጎበዝ ሰው ፖስትዶክ ሁለተኛው ላይ ወደ ኩባንያ የሚሄደው። ይሄን ስላችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፣ ኢሜጂንግ ከሌሎች የሳይንስ ዘርፎች ጋር ሲወዳደር ጥሩ የሚያደርገው ነገር ከዩኒቨርሲቲ ስትወጡ ስራ አለ፣ ማሽን ሰሪዎቹ አሉ፣ ሆስፒታሎቹ ሜዲካል ፊዚሲስት ይፈልጋሉ፣ የመድሀኒት ኩባንያዎች ምስል ተንታኝ ይፈልጋሉ። ግን እዛም ቢሆን የሚጠይቋችሁ ማሽኑን ነው።

ለማስተርስ ከሆነ ማያ የሚባለው ኢራስመስ ሙንዱስ (በአውሮፓ ህብረት የሚደገፍ የጋራ ማስተርስ) አለ፣ ሙሉ በሙሉ ሜዲካል ኢሜጂንግ ላይ ነው፣ ፈረንሳይ ቡርጎኝ፣ ጣልያን ካሲኖ፣ ስፔን ጂሮና እየተዘዋወራችሁ ትማራላችሁ፣ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል፣ በምታመለክቱበት አመት መኖሩን አረጋግጡ። ስኮላርሺፕ ሳታገኙ በራሳችሁ ወደ ጀርመን ለመምጣት ለምታስቡ ደሞ የተዘጋ የባንክ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብር ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ ገንዘብ ማሳየት ይጠበቅባችኋል፣ 2025 ላይ በወር 992 ዩሮ፣ በአመት 11,904 ዩሮ ነበር፣ ቤተሰብ መሬት ሸጦ ይሄን ያስቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። እባካችሁ መጀመሪያ የኮንትራት ፒኤችዲ ወይም ስኮላርሺፕ ያለው ማስተርስ ሞክሩ፣ የቤተሰብ መሬት የመጨረሻው አማራጭ እንኳን ባይሆን ደስ ይለኛል።

"ማሽን የለኝም፣ ታዲያ እንዴት ነው ማሽኑን ምማረው?" ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። አልትራሳውንድ በየጤና ተቋሙ አለ፣ ከዛ ጀምሩ። አልትራሳውንድ ፊዚክሱ በጣም ሀብታም ነው፣ ከድምጽ ፍጥነት ተነስታችሁ፣ ስለ ፍሪኩዌንሲና ጥልቀት፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ዶፕለር (የደም ፍሰት ስለሚታይበት ዘዴ) መማር ትችላላችሁ፣ ፋንተም (በሰው ምትክ ለመለማመጃ የሚነሳ ነገር) እንኳን ራሳችሁ ከጄላቲን መስራት ትችላላችሁ፣ ውስጡ የተለያየ ነገር ቀብራችሁ ምስሉን ማየት ነው። ራጅ ክፍል ካለ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቁጭ በሉ፣ ባለሙያው ኪሎቮልቴጅና ሚሊአምፔር እንዴት እንደሚመርጥ፣ ለወፍራም ሰውና ለህጻን ምን እንደሚለውጥ ጠይቁት። ባለሙያዎቹ አክብሮ የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስተምሩት፣ ያለፈ ሰው ሁሉ "ቶሎ በል" ብቻ ነው የሚላቸው።

ኮምፒውተር ላይ ደሞ ኢሜጅጄ እና ስሪዲ ስላይሰር የሚባሉት የምስል ሶፍትዌሮች ነጻ ናቸው፣ አውርዱ። የዲኮም ፋይል (የህክምና ምስል የሚቀመጥበት) ከፍታችሁ ከምስሉ በፊት ሄደሩን፣ ማለትም ስለ ምስሉ የተጻፈውን መረጃ፣ አንብቡ፣ የትኛው ማሽን፣ ስንት ሚሊሜትር ስላይስ፣ ምን ኮንትራስት፣ በሽተኛው በጀርባው ነው በሆዱ። ሲቲ ከሆነ ቁጥሮቹ ትርጉም አላቸው፣ ውሃ ዜሮ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ይሄን ሳያውቅ ምስሉን ከ0 እስከ 255 ጨምቆ ሞዴል ውስጥ የሚከት ሰው ግማሹን መረጃ ጥሎታል። ፓይተን ለምትችሉ፣ አንድ ጥሩ ልምምድ ልስጣችሁ፣ አንድ ምስል ወስዳችሁ በፎሪየር ገልብጡት፣ መሀሉን ብቻ አስቀርታችሁ መልሱት፣ ከዛ ጠርዙን ብቻ አስቀርታችሁ መልሱት፣ ከዛ አንድ መስመር እየዘለላችሁ አጥፉና መልሱት። የሚመጣውን ምስል ለምን እንደዛ እንደሆነ በራሳችሁ ቋንቋ ማስረዳት ስትችሉ የኤምአርአይ ኢንተርቪው ላይ ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዳችኋል።

ኤአዩንም ቢሆን ከኛው አህጉር ምስል ጋር ስሩት። ብራትስ የሚባለው የጭንቅላት እጢ ውድድር ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ለብዙ አመት ዳታው በአብዛኛው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነበር፣ 2023 ላይ ነው ከሰሃራ በታች ካሉ ሀገራት የተሰበሰበ ምስል ለብቻው ምድብ ሆኖ የገባው። ምስሉ ጥራቱ ዝቅ ይላል፣ በሽተኞቹ ዘግይተው ስለሚመጡ እጢው ትልቅ ሆኖ ነው የሚታየው፣ የውጪው ሞዴል እዛ ላይ ይቸገራል። ከዛ ጋር ስፓርክ የሚባል ለአፍሪካ ተማሪዎች የተዘጋጀ ስልጠና አለ። ሚካይ የሚባለው የዘርፉ ትልቁ ጉባኤ ደሞ 2024 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፣ ማራኬሽ። በሩ ከበፊቱ ሰፍቷል ማለቴ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ ሀሳቤን የሚሰርቀው ምባራራ ነው፣ ኡጋንዳ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ለሚጠራቀምባቸው ህጻናት ተብሎ ነው የተጀመረው፣ ኔዘርላንድስ ላይደን ያለው ቡድን ከምባራራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ 50 ሚሊቴስላ አካባቢ የሆነ ኤምአርአይ ሰሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ማግኔቶች ክብ አድርጎ በመደርደር፣ ፈሳሽ ሂሊየም የለው፣ ልዩ ክፍል የለው። 2022 ላይ እቃው ተፈታትቶ ተላከና እዛው ምባራራ ውስጥ ገጣጠሙት። የምባራራው ተመራማሪ ጆንስ ኦቡንጎሎች ፒኤችዲውን አሜሪካ ፔን ስቴት ሰርቶ ወደ ሀገሩ የተመለሰ ሰው ነው። የማሽኑን ፎቶ ሳይ ወዲያው ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ያሉት የባዮሜዲካል ተማሪዎች ናቸው የመጡብኝ። ዲዛይኑ ክፍት ነው፣ ማንም አንብቦ ሊጀምር ይችላል፣ የሚፈልገው ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ፣ ፊዚክስ የሚያውቅ፣ ፓይተን የሚያውቅ፣ ራዲዮሎጂስት፣ አንድ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ነው። ምስሉ እንደ 3 ቴስላ ጥርት ያለ አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም፣ ግን ህጻኑ ጭንቅላት ውስጥ ውሃው መቀነሱን አለመቀነሱን ለማየት ጥርት ያለ ምስል አያስፈልግም። እዚህ ጋ ነው ኤአይ ከልቤ የምደግፈው፣ ከደካማ ማሽን የመጣን ሲግናል ለማሻሻል፣ ጫጫታውን ለመቀነስ፣ ማሽኑን በሚያውቁ ሰዎች እጅ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንደዚህ አይነት ነገር የሚሰራ ቡድን ቢነሳ ቅዳሜና እሁዴን ለሱ እሰጣለሁ፣ ይሄን በይፋ ነው የምጽፈው።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስለመጻፍ በጣም ስለምትጠይቁኝ እሱን ልጨርስ። "ዲር ፕሮፌሰር፣ አይ አም ሃርድ ወርኪንግ" ብሎ የሚጀምር ለመቶ ሰው የተላከ ኢሜይል አይነበብም። የሰውየውን ወይም የሴትየዋን የቅርብ ጊዜ ስራ አንድ አንብቡ፣ የገባችሁን በሁለት አረፍተ ነገር፣ ያልገባችሁን ወይም ሌላ ማሽን ላይ ምን ይሆን ነበር የምትሉትን በአንድ ጥያቄ ጻፉ። ከዛ እጃችሁ ላይ ያለውን ስሩና አሳዩ፣ የጄላቲኑን ፋንተም ምስል፣ የኬ-ስፔሱን ኮድ፣ ሆስፒታል ውስጥ ያስተካከላችሁትን ነገር። ጠቅላላው ከአስር መስመር አይብለጥ፣ ሲቪ በፒዲኤፍ። የገንዘብ ጥያቄ መጀመሪያው ኢሜይል ላይ አታንሱ፣ ቦታ ካለ ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል። ሰዎቹ ኢሜይል ይበዛባቸዋል፣ መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ በትህትና አስታውሱ፣ ካልመለሱ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ቡድኑ ውስጥ ያለ ፖስትዶክ ወይም ፒኤችዲ ተማሪ ብትጽፉለት ደሞ ብዙ ጊዜ ከፕሮፌሰሩ ቀድሞ ይመልሳል፣ ቦታ ሊከፈት እንደሆነም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።